ሰርኩላሩ ይዙር፣ ዕቃው ይረፍ

መንግሥት «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» ሲል ያገለገለ ዕቃ ሳይጣል ተመልሶ ሥራ ላይ ይዋል ማለቱ ነበር። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያሉ መሥሪያ ቤቶቻችን ግን፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ቃሉን በሚያውቁት ፈቱት። ሰርኩላር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ማዞር ደግሞ ማን ይቀድመናል?

አዟዟሩንም ከቡናችን ተማሩ። የመጀመሪያው ሰርኩላር አቦል ነው፤ «አገልግሎት የማይሰጡ ንብረቶች ተለይተው በአስቸኳይ እንዲወገዱ» ይላል፤ ሽታው ብቻ ያነቃል። ቶናው «ቀደም ሲል በጻፍነው መሠረት» ብሎ ይጀምራል። በረካው «ለሦስተኛ ጊዜ እናሳስባለን» ይላል። ቀጥኗል፣ ቢሆንም ሳይቀመስ አይነሡም። ከዚያ ረከቦቱ ይነሣል፤ መኪናዋ ግን አትነሣም።

መኪናዋ በግቢው ጥግ በአራት ብሎኬት ላይ የቆመችው ኮድ 4 የመንግሥት መኪና ናት። እሷን ለማስወገድ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ቆጠራ ይደረጋል፣ ባለሙያ ያያታል፣ ኮሚቴ ዋጋ ይገምታል፣ ኃላፊ ያጸድቃል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ሲፒኦ የሚሉት የባንክ ክፍያ ማዘዣ ይያዛል፣ ርክክብ ይፈጸማል። በየደረጃው ፊርማ አለ። የፈረመ ሰው ኦዲተር ሲመጣ «ለምን በርካሽ ሸጥክ?» ይባላል። ያልፈረመውን ግን መኪናዋ ዝጋ ዱቄት ብትሆን የሚጠይቀው የለም፤ በመዝገብ ላይ አለች፣ በግቢ ውስጥም አለች፣ ምን ጎደለ? እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢ ንብረት ክፍል የት ይገኛል!

እሷም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ባትሪዋ ሳይሞላ ወራት ሲቆይ የእርሳስ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጅ አይቀበልም። የፍሬን ዘይቱ ከአየር እርጥበት እየጠጣ ፒስተኑን ያዝጋል። ጎማው በደሴ ፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ሽቦውን አይጥ ይበላዋል። ትናንት በሞተሯ ትሸጥ የነበረች መኪና ዛሬ በኪሎ ትመዘናለች። በአምስተኛው ዓመት ኮሚቴው ሊገምት ሲቀመጥ ሥራው ቀልሎለታል፤ የሚገመት የለም።

ኮምፒውተሮቹ በኮሪደሩ ተደርድረዋል። ሜሞሪያቸውና ሃርድ ዲስካቸው ከጨረታው ቀን ቀድመው በራሳቸው ጊዜ ወደ ዑደቱ ገብተዋል። ፖሊሲውን ከሁሉ ቀድሞ የተረዳው ማን እንደሆነ ቢታወቅ ኖሮ ሽልማት ይገባው ነበር።

ጨረታው ከወጣም አደራረጉ ያስደንቃል። የተሰበረ ወንበር፣ የጄኔሬተር ቅርፊት፣ አሮጌ ጎማና ፎቶ ኮፒ ማሽን ባንድ ሎት ይታሰራሉ። ጎማውን የሚፈልግ ጫማ ሰፊ ወንበር መግዛት ግዴታው ነው። ቁራሌውማ ከበሩም አያልፍም፤ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ነምበር፣ ሲፒኦ ይባላል። እሱ ያለው አንዲት ማግኔት ብቻ ናት። የሳበችው ብረት ነው፣ ያልሳበችው አሉሚኒየም ወይም መዳብ፤ ለያይቶ ሲሸጥ እያንዳንዱ የየራሱን ዋጋ ያወጣል፣ ተቀላቅሎ ከተሸጠ ግን ሁሉም በርካሹ ዋጋ ይሄዳል። በመኖሪያ መንደሩ «ልዋጭ!» እያለ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳፋ የሚሰጠውም እንዲሁ ሥልጠና ያልወሰደ ነው፤ አላዋቂ ሆኖ ስለቀረ ይሠራል።

ሥልጠና ሲነሣ፣ የሰርኩላር ኢኮኖሚ ግንዛቤ ማስጨበጫ በሆቴል አዳራሽ ይሰጣል። በየሰው ፊት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይቀመጣል፣ ግማሹ ይጠጣል፣ ግማሹ ከነክዳኑ ቅርጫት ይገባል፣ ላዩ ላይ የምሳው ወጥ ይፈስበታል። ያ ሃይላንድ ባዶውን፣ ክዳኑ ተፈቶ፣ ወጥ ሳይነካው ለብቻ ቢቀመጥ ለሰብሳቢው ገንዘብ ነበር። የጠርሙሱና የክዳኑ ፕላስቲክ ይለያያል፤ ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ የጠርሙሱ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል። አሠልጣኙ ይህን በስላይድ 14 ላይ አሳይቷል፤ ቅርጫቱን ግን ማንም ወደ ኋላ ዞሮ አላየም። ባነሩ ብቻ ቀንቶታል፤ ከሳምንት በኋላ የሽንኩርት ነጋዴ ዳስ ሆኖ ዝናብ ይከላከላል።

እዚያው ሆቴል ጓሮ 24 ባዶ ጠርሙስ የያዙ የቢራ ሳጥኖች ተቆልለዋል። ባዶ ያልመለሰ መያዣ ስለሚከፍል አንዲቱም አትጠፋም። ለዚህ ሰርኩላር አልተጻፈም፤ ያሳዝናል።

ስለ ፌስታል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር እንዳያንስ ደንግጎ ነበር። መቶ ድርብ ሆኖ 3 ሚሊሜትር ካልሞላ ሕገ ወጥ ነው፤ ተማሪ በማስመሪያ ይለካዋል። ማስመሪያ ግን ደረጃውን የጠበቀ አይደለምና ትክክለኛው መለኪያ ግዥ ይጠየቅለት ሲባል፣ ሲጠየቅ፣ በጀት ሲያልቅ፣ በ2017 የወጣው አዲስ አዋጅ አንዴ ተይዞ የሚጣለውን ፌስታል ጨርሶ ከለከለው። መለኪያው ሳይገዛ አላስፈላጊ ሆነ። የ18 ዓመት ትዕግሥት የሕዝብ ገንዘብ አዳነ ማለት ነው! ፌስታሉን ደግሞ የቦርከና ወንዝ ከደሴ ተረክቦ፣ በኮምቦልቻ አሳልፎ ወደ ጨፋ ይሸኘዋል፤ የነዳጅ አይጠይቅ፣ አበል አይጠይቅ።

ዘንድሮም ሐምሌ ሲገባ ቆጣሪዎቹ ወደ ግቢው ጥግ ይወርዳሉ። በመዝገቡ «መኪና፣ 1፣ አለ» ተብሎ ይጻፋል። በመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ የወለደችው ድመትና አራት ግልገሎቿ ግን በንብረት መቀበያው ቅጽ በሞዴል 19 ገቢ ስላልሆኑ አይቆጠሩም።