ዝሆኑ ስንት ነው?

በመርከቧ ላይ በመጀመሪያው ምሽት ከእራት ስንመለስ አልጋችን ላይ አንድ ዝሆን ተቀምጦ አገኘነው። ከሁለት ነጭ ፎጣዎች የተሠራ፣ ኩምቢውን ወደ ላይ ያነሣ፣ የእኔን የንባብ መነጽር ያደረገ ዝሆን። ልጆቼ በደስታ ጮኹ። ባለቤቴ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችው። እኔ ግን በሩ ላይ እንደቆምኩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመላለስብኝ ነበር፦ ይህ ዝሆን ስንት ነው?

ሊዝናና የሄደ ሰው እንዴት እንዲህ ያስባል ትሉኝ ይሆናል። በመዝናኛ መርከብ ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነው። ትኬቱን ስንገዛ ክፍሉም፣ ምግቡም፣ ትርኢቱም በዋጋው ውስጥ ተካቷል ተብለን ነበር፤ እኔም «ተካቷል» የምትለዋን ቃል አምኜ፣ ኪሴን ቆልፌ ነው የተሳፈርኩት። ገና ሻንጣችንን ሳንፈታ ግን ትልቁ ልጄ በክፍላችን ቴሌቪዥን ላይ ሂሳባችንን ማየት እንደሚቻል ደረሰበት። ከፈትነው። ምንም ሳልበላ፣ ምንም ሳልጠጣ 72 ዶላር ተጽፎብኛል። ምክንያቱ «የሠራተኞች ምስጋና» ይላል።

ማንን እንዳመሰገንኩ አላውቅም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያነጋገረኝ ሰው ቢኖር ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ እጄን እንድታጠብ ያዘዘኝ ወጣት ብቻ ነው። ዝርዝሩን ስናነበው ነገሩ ተገለጠልን፤ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በየቀኑ 18 ዶላር ጉርሻ ከሂሳቡ ላይ በራሱ ይቆረጣል። እኛ አራት ነን። ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን አይከፍልም፤ ታናሿ ልጄ ግን ሦስት ዓመቷ ስለሆነ እንደ አንድ ከበርቴ ሙሉውን ትከፍላለች። ጫማዋን በራሷ ማሰር የማትችል ሰው በሳምንት 126 ዶላር ጉርሻ ትበትናለች። ለአራታችን፣ ለሰባት ሌሊት፣ 504 ዶላር።

ጉርሻ የሚለው ቃል ከመጉረስ የመጣ ነው። እጅና አፍ ይፈልጋል። አጉራሹ እጁን ይዘረጋል፣ ጎራሹ አፉን ይከፍታል፣ ለአፍታም ቢሆን ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ኮምፒውተር ሲያጎርስ ያየሁት ግን እዚያ መርከብ ላይ ነው።

በማግስቱ ሁሉንም ረስቼ መዋኛው አጠገብ ወንበር ይዤ አንድ ቢራ አዘዝኩ። መርከብ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም፤ የክፍሉ በር የሚከፈትበት ካርድ ራሱ ይከፍላል። ደረሰኙ መጣ። የቢራው ዋጋ፣ ከሥሩ 18 በመቶ ጉርሻ፣ ከሥሩ ድምር። ከድምሩ በታች ደግሞ አንድ ባዶ መስመር፦ «ተጨማሪ ጉርሻ»። ከእስክሪብቶ ጋር ተሰጠኝ።

ብዙ ፈተና ተፈትኛለሁ፤ እንደዚያች ባዶ መስመር ያላበኝ ግን የለም። ዝም ብዬ ብተዋት ያላየኋት እመስላለሁ፣ እንዳየኋት ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ዜሮ ብጽፍባት ስድብ ነው። ብሰርዛት ደግሞ በቂም የሰረዝኳት ይመስላል። አስተናጋጁ ጨዋ ሰው ስለሆነ እኔ ስጨነቅ እሱ ፊቱን አዙሮ ባሕሩን ይመለከታል። በዚያ ሰዓት ከካፒቴኑ ይልቅ ባሕሩን አጥብቆ የሚመለከተው እሱ ነበር። አንድ ዶላር ጻፍኩ። ለአንድ ቢራ፣ በቴሌቪዥኑ አንድ ጊዜ፣ በመቶኛው አንድ ጊዜ፣ በእስክሪብቶ አንድ ጊዜ አመሰገንኩ ማለት ነው። ባለቤቴ ብልህ ናትና የሳምንቱን መጠጥ በጥቅል ብንገዛ ከዚህ ሁሉ ጭንቀት እንገላገላለን አለችኝ። ሄጄ ጠየቅሁ። ጥቅሉ ላይም 18 በመቶ አለ፤ ገና ላልቀዳልኝ ሰው፣ ገና ስላልጠጣሁት መጠጥ።

እራት ላይ ከአንድ አዛውንት ጋር አንድ ጠረጴዛ ደረሰን። በመርከብ ሲጓዙ ይህ አሥራ አንደኛቸው ነው። ብሶቴን ሲሰሙ እንደ ሐኪም ራሳቸውን ነቀነቁና «የድሮው ይሻል ነበር» አሉኝ።

በእሳቸው ዘመን፣ በጉዞው መጨረሻ ላይ፣ ክፍሎቹ ውስጥ ትንንሽ ፖስታዎች ይቀመጡ ነበር። አንዱ ክፍሉን ለሚያሰናዳው፣ አንዱ ለምግብ አስተናጋጁ፣ አንዱ ለረዳቱ፣ አንዱ ለአለቃቸው። ተሳፋሪው ገንዘቡን በየፖስታው ከትቶ፣ እየዞረ፣ በገዛ እጁ ያድላል።

«ታዲያ ሰው ይሰጥ ነበር?»

«አብዛኛው ይሰጣል። የማይሰጠው በመጨረሻው ምሽት ከአስተናጋጁ ላለመገናኘት ላይ ወጥቶ ቡፌ ይበላል። ቡፌው እንደዚያ ምሽት የሚጨናነቅበት ቀን አልነበረም።» ሾርባቸውን አንድ ጊዜ ጠጡና «እኔም አንድ ዓመት ቡፌ በልቻለሁ» አሉ።

ፖስታውን የገደለው የእራት ጠረጴዛ ነው። ቀድሞ ተሳፋሪው ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ አስተናጋጅ እጅ ነበር የሚበላው። ኖርዌጂያን የተባለው የመርከብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ሰው በፈለገው ሰዓት በፈለገው ምግብ ቤት እንዲበላ ፈቀደ፤ ሌሎቹም በየፊናቸው ተከተሉ። በሰባት ምሽት በሰባት አስተናጋጅ የተስተናገደ ሰው ፖስታውን ለማን ይስጥ? ስለዚህ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ቆርጠው ራሳቸው ማከፋፈል ያዙ። ሆላንድ አሜሪካ የሚባለው ደግሞ ለብዙ ዓመታት «ጉርሻ ግዴታ አይደለም» ይል ነበር። አዛውንቱ በእነዚያ መርከቦችም ሄደዋል።

«እንደዚያ ጊዜ ተጨንቄ አላውቅም» አሉኝ። «ግዴታ ከሆነ ከፍለህ ትገላገላለህ። ግዴታ አይደለም ሲሉህ፣ ምን ያህል ሰው እንደሆንክ ራስህ ተምነህ አምጣ ማለታቸው ነው።»

በአራተኛው ቀን አንድ ወሬ ሰማሁ። ያ የቀን ጉርሻ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ተጠይቆ ሊቀነስ፣ ከተፈለገም ሊሰረዝ ይችላል። ልቤ አንድ ጊዜ ዘለለ። ወዲያው ግን ራሴን ገሠጽኩና ላሰርዝ ሳይሆን፣ እንዲያው አሠራሩን ለመረዳት ያህል፣ ልጠይቅ ብዬ ወረድኩ።

ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቴም ከኋላዬም የቆሙት ሁሉ ለመጠየቅ ብቻ ነበር የመጡት። አንዱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የክፍሉ ማቀዝቀዣ ሌሊት እንደሚያንኳኳ ነገረኝ። አንዲት ሴት ትራሷ ጠጣር መሆኑን ለባሏ ጮክ ብላ አስረዳች፤ ባሏ አብሯት ሲተኛ የከረመ ሰው ነው፤ ማስረጃው ለእሱ እንዳልሆነ ገባኝ። ሁሉም በደሉን እያጠራቀመ፣ እያሳመረ፣ ወደ ጠረጴዛው ይጠጋል። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ግን ድምፁ ይጠፋል፤ ጎንበስ ብሎ እንደ ንስሐ በሹክሹክታ ይናገራል። በዚህ መካከል ክፍላችንን የሚያሰናዳው ወጣት ፎጣ ተሸክሞ በአጠገባችን አለፈ። ሰልፈኛው በሙሉ በአንድ ጊዜ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን መብራት ማድነቅ ጀመረ። ወጣቱ እኔን ለይቶ በስሜ ጠራኝና «መልካም ቀን ይሁንልዎ ጌታዬ» አለኝ።

ተራዬ ደረሰ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ወጣት ፈገግ ብላ «ምን ልርዳዎት?» አለችኝ።

«ሰዓት ስንት ነው?» አልኳት።

ከኋላዋ፣ ግድግዳው ላይ፣ ከእኔ ጭንቅላት የሚበልጥ ሰዓት ተሰቅሏል። ዞር ብላ አይታ ነገረችኝ። አመስግኜ ሄድኩ።

ጸጸቱ እየገፋፋኝ ያን ዕለት ማታ ወጣቱን ኮሪደሩ ላይ ጠበቅሁትና 20 ዶላር አጣጥፌ በእጁ አስጨበጥኩት። መናገር ያለብኝ ስለመሰለኝ ቤተሰብ እንዳለው ጠየቅሁት። ሴት ልጅ አለችው፤ ሦስት ዓመቷ ነው። ውሉ የዘጠኝ ወር ሲሆን፣ እስኪያልቅ ድረስ ሙሉ የዕረፍት ቀን የለውም። መርከቦቹ አብዛኛውን ጊዜ የባሃማስን፣ የፓናማን ወይም ይህን የመሰለ አገር ባንዲራ ነው የሚያውለበልቡት፤ የሠራተኛው ጉዳይም በአብዛኛው የሚዳኘው በባንዲራው አገር ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ አለ። የሥራውን ሳይሆን የዕረፍቱን ሰዓት ለሚቆጥር አገር፣ ሠራተኛው በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት ማረፍ አለበት ይላል። ቀሪው 91 ሰዓት ነው። እኔ በዚያች መርከብ ላይ 91 ሰዓት ያህል የተጋሁበት ነገር ቢኖር እንቅልፍ ነው።

ያ ቴሌቪዥኑ ላይ ያየሁት «ምስጋና» ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ደመወዝ ነው። ኩባንያው ትኬቱን አርክሶ ይሸጥልኛል፤ ከሠራተኛው ደመወዝ የጎደለውን በእኔ ቸርነት ስም ይሰበስባል። ብከፍል ቸሩ እኔ ነኝ፤ ባልከፍል ንፉጉ እኔ ነኝ፤ እሱ በሁለቱም መንገድ የለበትም። እንዲህ ያለ ብልሃት የፈጠረ ሰው ጉርሻ ይገባዋል። ፒ ኤንድ ኦ የሚባለው የብሪታንያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የቀን ጉርሻውን አንስቶ ከትኬቱ ዋጋ ጋር ቀላቅሎታል። ይህን ለአዛውንቱ ስነግራቸው ቅር አላቸው። «ታዲያ በመጨረሻው ምሽት ሰው ከማን ይሸሻል?» አሉ።

ካፒቴኑ ግን አይጎርስም። የሺህ ሰዎችን ነፍስ በእጁ ለያዘ ሰው 20 ዶላር ብታስጨብጡት ነውር ነው፤ ፎጣ ላጠፈው ባታስጨብጡት ነውር ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ክፍላችን ስገባ ለወጣቱ 20 ዶላር መስጠቴን ለባለቤቴ በኩራት ነገርኳት።

«እኔ የመጀመሪያው ቀን ሰጥቼዋለሁ» አለችኝ።

«ገና ምንም ሳይሠራልን?»

«አዎ።»

«ይህማ ጉርሻ አይደለም። ሥራው ከመሠራቱ በፊት የሚሰጥ ጉቦ ነው የሚባለው።»

«በየማታው ያ ሁሉ በረዶ ከየት እየመጣ ይመስልሃል?» አለችና መብራቱን አጠፋችው።

በመጨረሻው ቀን አዛውንቱ እንደነገሩኝ ያለ ፖስታ ፈልጌ አገኘሁ። የወጣቱን ስም ጻፍኩበት። ውስጡ ሁለት ባለ 20 ዶላር ኖት ከተትኩ፤ ልጆቹ ደግሞ በካርድ ላይ «ስለ ዝሆኑ፣ ስለ ዳክዬውና ስለ ጦጣው በጣም እናመሰግናለን» ብለው ጻፉና ጨመሩበት። ጠዋት በእጄ እሰጠዋለሁ ብዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩት። መርከብ ላይ በመጨረሻው ምሽት ሻንጣ ተዘግቶ ከበሩ ውጪ ይቀመጣል፤ ሌሊት ሠራተኞች ይሰበስቡታል፤ ባለቤቱ የሚያገኘው በማግስቱ ወደቡ ላይ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ኮቴን ባለቤቴ ሻንጣ ውስጥ እንደከተተችው ግን ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

ጠዋት ወጣቱ አዲስ አንሶላ ታቅፎ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ከሰዓታት በኋላ በእኛ አልጋ ላይ ሌሎች ሰዎች ይተኛሉ። ደረቴን ዳበስኩ፣ የሱሪዬን ኪስ ዳበስኩ፣ የኋላ ኪሴን ዳበስኩ። ንብ የነደፈኝ እስክመስል ድረስ ራሴን ዳበስኩ። ወጣቱ እንዲህ ያለውን ዳበሳ ሳያውቀው አይቀርም። «ምንም አይደለም ጌታዬ፣ ደኅና ግቡ» አለኝ።

ወደቡ ላይ አራቱን ሻንጣዎቻችንን አንድ ሻንጣ ተሸካሚ በጋሪው ጭኖ እስከ መኪናው ድረስ ገፋልን። እነዚህ ሰዎች ከመርከቧ ጋር አይገናኙም፤ ለአንድ ሻንጣ አንድ ወይም ሁለት ዶላር ይሰጣቸዋል። በኪሴ አንድም ሳንቲም የለም። ከመርከቧ አንዴ ከወረዱ ደግሞ ተመልሶ መውጣት አይቻልም። ሰው ሁሉ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ተንበርክኬ ሻንጣውን ከፈትኩ። የልጆቹን እርጥብ የዋና ልብስ፣ የውስጥ ሱሪዎቼን፣ አንድ የአሸዋ ከረጢት አወጣሁ። ቀና ስል ተሸካሚው ፊቱን አዙሮ ባሕሩን እየተመለከተ ነው።

ኮቱን አገኘሁት። ፖስታው ውስጥ ያሉት ሁለቱ ኖቶች ብቻ ናቸው፤ ዝርዝር የለም። ከኋላችን መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ። ፖስታውን እንዳለ ሰጠሁት።

ተሸካሚው በፖስታው ላይ የተጻፈውን የሌላ ሰው ስም አነበበ። ከፈተው። ገንዘቡን አየና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ካርዱን አውጥቶ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«የቱ ዝሆን?» አለኝ።

እኔ መልስ ስፈልግ ታናሿ ልጄ ቀደመችኝ።

«መነጽር ያደረገው» አለችው።