እባካችሁ መጀመሪያ የእንጨቱን ወርድ ጠይቁት

ዛሬ ቆሽቴ አርሮ ነው የመጣሁት። ይህን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጠዋት ተኩስ ሜዳ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው። ቤንችረስት ሊለምድ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ፣ በነጥብ 22 ሪምፋየር (መቺው የቀለሁን ቂጥ ጠርዝ ሲመታ የሚተኮስ ትንሽ ጥይት)፣ ከ50 ሜትር ርቀት። ፊቱ የቆመው ማስደገፊያ ግን የስንት ዓመት ተወዳዳሪ የሚይዘው ዓይነት ነው፤ ባለ ጆይስቲክ (ከፍታውንና ጎኑን በአንድ ዘንግ የሚያስተካክሉበት)፣ ከባድ፣ የሚያብረቀርቅ። ያጠራቀመውን ሁሉ እሱ ላይ አፍስሷል። ላዩ ላይ ያለው፣ የጠመንጃው ፊት የሚያርፍበት ከረጢት ባለ 3 ኢንች ነው፣ 76 ሚሊሜትር መሆኑ ነው፤ ሆዱ ሰፊና ጠፍጣፋ ለሆነ የውድድር ጠመንጃ የተሠራ። የልጁ ጠመንጃ ደግሞ ተራ የአደን ቅርጽ ያለው፣ በርሜሉን ከሥር የያዘው የፊት እንጨቱ ከ5 ሴንቲሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ ከሥሩም ክብ ነው። በአንድ ጣት ጎኑን ነካ ባደርገው ተንገዋለለ። ከኋላ፣ ሰደፉ ሥር ያለው ምንድን ነው? የታጠፈ ፎጣ!

ጥይቶቹ ወረቀቱ ላይ ሲበታተኑበት የተሰጠውን ምክር ስሙልኝ። «ምላጭ አሳሳብህ ነው።» «ትንፋሽህን አልያዝክም።» ልጁ ሁለት ሳምንት ሙሉ የገዛ ጣቱን ሲወቅስ ከርሟል። ያን ሁሉ ዕቃ ሲያስገዙት «ጠመንጃህ ምን ዓይነት ነው? የፊት እንጨቱ ወርድ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው የለም። አንድ እንኳ! እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

መንገዋለል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጥይቱ 50 ሜትር እስኪደርስ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ይወርዳል፤ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ስናስተካክል ይህን መውረድ አብረን ነው የምናካክሰው። ጠመንጃው በ1 ዲግሪ ብቻ ወደ ጎን ካጋደለ ጥይቱ 2 ሚሊሜትር ያህል ወደዚያው ጎን ይሄዳል። አንዱን ተኩስ ወደ ግራ፣ ቀጣዩን ወደ ቀኝ አጋድሎ የሚተኩስ ሰው ምላጩን እንዴትም ቢስበው ቀዳዳዎቹ አይገጥሙለትም። ከረጢቱ የእንጨቱን ሆድ ግራና ቀኝ አቅፎ መያዝ አለበት። ክብ ለሆነ እንጨት መሐሉ ጎድጎድ ያለ ከረጢት አለ፤ ዋጋውም ከዚያ ሁሉ ብረት ጋር አይወዳደርም።

አሁን ወደ ኋላው ከረጢት ልምጣ፤ ብሶቴ ያለው እዚያ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ፊተኛው ያወራል፤ ኋለኛውን የሚያነሳው የለም። ካልኩሌተር አውጥታችሁ አስሉት። ከፊት ማስደገፊያው እስከ ኋላ ከረጢቱ 75 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ኋላው በ1 ሚሊሜትር ሲሰጥም ጥይቱን 50 ሜትር ላይ በ67 ሚሊሜትር ከፍ ያደርገዋል። የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ቢሰጥም 6.7 ሚሊሜትር ነው። የጥይቱ ውፍረት ራሱ 5.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው! አነጣጥረህ ከጨረስክ በኋላ፣ ጣትህ ምላጩን ስትነካ፣ ፎጣው በጸጉር ያህል ቢረግብ አለቀ።

ሪምፋየር ደግሞ በዚህ በኩል ምሕረት የለውም። «ወደ ኋላ የሚገፋው ትንሽ ስለሆነ ማንኛውም ከረጢት ይበቃል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አይበቃም። የውድድሩ ጥይት ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 325 ሜትር ገደማ ነው፣ ከድምፅ በታች። ዘገምተኛ ስለሆነ በርሜሉ ውስጥ ከ2 ሚሊሰከንድ በላይ ይቆያል፤ እሱ ገና ሳይወጣ ጠመንጃው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ተኩስ በአንድ ዓይነት መንገድ ወደ ኋላ መንሸራተት አለበት። ይህን የሚወስኑት ከረጢቶቹ ናቸው።

እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ በዚሁ ነው የተቃጠልኩት። «ለሁሉም ጠመንጃ ይሆናል» የሚል የኋላ ከረጢት ሸጡልኝ፤ ውስጡ የፕላስቲክ ፍሬ። ፍሬው ክብ ነው፣ ስትጫነው ይሸሻል፣ መቼም አይረጋም። በጆሮዎቹ (ሰደፉን ግራና ቀኝ በሚያቅፉት ሁለት ጉብታዎች) መካከል ያለው ስፋትም ከሰደፌ ጋር አይገናኝም ነበር፤ ጠመንጃው በመሐላቸው ይወዛወዛል። ጆሮዎቹ ጠባብ ሲሆኑ ደግሞ ሰደፉን ነክሰው ይይዙትና አልንሸራተትም ይላል። ስንት ፓኬት ጥይት በከንቱ እንዳቃጠልኩ ሳስብ ዛሬም አንጀቴ ይበግናል።

የሚሆነው ደረቅ፣ በደንብ የተነፋ አሸዋ ነው። የሚችል ዚርኮን አሸዋ ይሙላበት፤ ከተራው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። አሞላሉን ማንም አያሳይም፤ ከረጢቱ ባዶውን ይመጣል፣ ያለ አንዲት ወረቀት። መጀመሪያ ጆሮዎቹን በቀጭን እንጨት እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ፣ ከዚያ ሆዱን። ጠረጴዛው ላይ ደጋግማችሁ አንኳኩት፣ ጨምሩ፣ እንደገና አንኳኩት። አውራ ጣታችሁን ስትጫኑት መስጠም የለበትም። ለጥቂት ቀን ክብደት ጭናችሁበት አሳድሩትና የጎደለውን ሙሉ። (ስትሞሉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የአሸዋ አቧራ ለሳንባ ጠንቅ ነው።) የፊተኛው ትንሽ ለስለስ ቢል ግድ የለም፣ የኋላው ግን ድንጋይ ይሁን።

ከእንጨቱ ሥር ያለውን የማንገቻ ብሎን ንቀሉት፤ ከረጢቱን እየጫረ ጠመንጃውን ያደናቅፈዋል። ፊትና ኋላው በአንድ ብረት የተያያዘ ማስደገፊያ በአንዳንድ ውድድሮች አይፈቀድም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ። ጆይስቲክ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ጊዜ ይቆጥባል፤ ለጀማሪ ግን ሦስት እግሩ የማይነቃነቅ፣ ከፍታውና ጎኑ በብሎን የሚስተካከል ከባድ ማስደገፊያ ከበቂ በላይ ነው። የተረፈው ገንዘብ ጥይት ይግዛ።

አምራቾችና ሻጮች ሆይ፣ የከረጢቱን ወርድና በጆሮዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ማሸጊያው ላይ መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል? ጫማ እንኳ ያለ ቁጥር አይሸጥም!

ልጁን ጠባብ የፊት ከረጢቴንና የኋላውን አዋስኩት። ጠመንጃውን አስቀመጥንና በመነጽሩ እያየ በእጁ ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ እንዲስበው ነገርኩት። መስቀሉ ወደ ጎን ሸሸ። የኋላውን ከረጢት በጣት ስፋት ወደ ግራ ገፋነው፣ እንደገና ሳበው፤ አሁን ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። አምስት ጥይት ተኮሰ። አራቱ ተነካክተው አንድ የተቀደደ ቀዳዳ ሆኑ፣ አምስተኛው ከጎናቸው አረፈ። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ዝም አለ፣ ከዚያ «ታዲያ ጣቴ ደህና ነበር ማለት ነው?» አለኝ።