ለማርስ ቀጠሮ ሰጪዎች የቀረበ ውዳሴ

ቃሉን የሚያከብር ሰው ጠፋ እያላችሁ የምታማርሩ ሁሉ፣ እስቲ «ማርስ ላይ ሰው ልናሰፍር ነው» የሚሉንን ሰዎች እዩልኝ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከቃላቸው ዝንፍ አላሉም፤ ያኔ ያሉትን ዛሬም ይላሉ። የሚቀያየረው ዓመቱ ብቻ ነው። ዓመት ደግሞ ቁጥር ነው፤ በቁጥር አንጣላም።

በ1969 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአፖሎ 11 ተጓዦች ከጨረቃ በተመለሱ ሰሞን፣ የሮኬቱ ሊቅ ቨርነር ፎን ብራውን በ1982 ሰው ማርስ ላይ የሚያወርድ ዕቅድ አቀረቡ። 1982 መጣ፤ ሄደ። በ1990 ትልቁ ጆርጅ ቡሽ ቀጠሮውን እስከ 2019 ገፉት። ኢሎን ማስክ በ2016 ሲናገር ደግሞ 2024 ሆነ። እሱም አለፈ። ዓመት መምረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ጥበብ አለው። በጣም ከራቀ አጨብጫቢ አይገኝም፤ በጣም ከቀረበ ጠያቂ ይመጣል። ተናጋሪው ከወንበሩ ወርዶ፣ ሰሚውም ረስቶ የሚደርስበት ልክ መገኘት አለበት። ደግነቱ ምድርና ማርስ ለጉዞ የሚመቻቹት በየ26 ወሩ ገደማ ነው። አንዱ ዕድል ካመለጠ ጥፋቱ የሰው ሳይሆን የፕላኔቶቹ ነው፤ እነሱን ማን ይከሳል?

የኛ የአጨብጫቢዎቹ ትጋትም መረሳት የለበትም። ማርስ ዋን የተባለው ድርጅት በ2012 መመለሻ የሌለው ጉዞ አሰናዳሁ ሲል፣ የማመልከቻ ገንዘብ እየከፈለ የተመዘገበው ሕዝብ ብዙ ነበር። ድርጅቱ የራሱ ሮኬት አልነበረውም። በ2019 ከሰረ፤ የሚደነቀው ግን አንድም ተጓዥ ጠፈር ላይ ሳይሞትበት መክሰሩ ነው።

«ኧረ አየሩስ?» የሚል ጨለምተኛ መቼም አይጠፋም። ኤቨረስት አናት ላይ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉን ሲሶ ያህላል፤ እዚያ ቤት ሠርቶ የከረመ ሰው የለም። የማርስ ግፊት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ያችውም ከመቶ 95 እጇ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናት። ግን አይዟችሁ፣ ኦክስጅን ተመርቷል! ወደ ማርስ በተላከው ሰው አልባ ተሽከርካሪ፣ በፐርሲቪራንስ ሮቨር ሆድ ውስጥ የተቀመጠው ሞክሲ የተባለ መሣሪያ ከ2021 እስከ 2023 ድረስ አልፎ አልፎ እየተነሳ በድምሩ 122 ግራም አውጥቷል። ይህ ለአንድ ሰው የሦስት ሰዓት ተኩል ትንፋሽ ቢሆነው ነው። (መሣሪያው ለሙከራ የተላከ ነው፤ የታዘዘውን አሳምሮ ሠርቷል። ከሁሉም ቃሉን የጠበቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም።) አፈሩም ቢሆን ፐርክሎሬት የሚባል የእንቅርት ዕጢን የሚያውክ ጨው አለበት፤ ለአትክልት የጓጓ ሰው መጀመሪያ አፈሩን ማጠብ ይኖርበታል።

ልምምዱማ ድሮ ተጀምሯል። በ1991 ስምንት ሰዎች አሪዞና ውስጥ ባዮስፌር 2 በተባለ ዝግ የመስታወት ቤት ራሳቸውን ችለው ለሁለት ዓመት ሊኖሩ ገቡ። አፈሩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ኦክስጅኑን ሲበሉት፣ የሚተፉትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የግድግዳው ኮንክሪት ሲመጥጠው፣ ኦክስጅኑ ከ21 በመቶ ወደ 14 በመቶ ግድም ወረደ። ሰዎቹ ማለክለክ ሲጀምሩ ከውጭ ኦክስጅን ተነፋላቸው። እርግጥ ውጭው ምድር ስለነበረ ነው። ማርስ ላይ ከውጭ የሚነፋውን ኦክስጅን በተመለከተ በሚቀጥለው መግለጫ ዓመተ ምሕረት እንደሚቆረጥለት ሙሉ እምነት አለኝ።