ጋዜጠኛን ለመሸለም እስኪታሰር መጠበቅ የለብንም

ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ እ.ኤ.አ. በ2013 የዩኔስኮን የፕሬስ ነፃነት ሽልማት ስታሸንፍ እስር ቤት ነበረች። በዚያው ዓመት ሲኤንኤን ውብሸት ታዬን ሲያከብር እሱም እስር ቤት ነበር። እስክንድር ነጋ በ2014 የዓለም ጋዜጦች ማኅበር «ወርቃማው የነፃነት ብዕር» ሲሰጠው የ18 ዓመት ፍርደኛ ነበር። ሰርካለም ፋሲልም በ2007 የጀግንነት ሽልማት የተሰጣት ልጇን እስር ቤት ወልዳ ከወጣች በኋላ ነው።

እነዚህ ሽልማቶች ይገቧቸዋል። ዓለም እንዳይረሳቸውም አድርገዋል። ግን ሁሉም ያከበሩት ጋዜጠኞቹ የከፈሉትን ዋጋ ነው። የትኛውን ጽሑፍ ጻፉ፣ ምን አጋለጡ ብትሉ መልሱን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ለየት የሚለው ፎቶ ጋዜጠኛው ሙሉጌታ አየነ ነው። በ2020 ከወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተሸለመው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢቲ 302 አደጋ ስፍራ ላነሳቸው ፎቶዎች ነው፤ ለሥራው ማለት ነው።

አገር ውስጥ የበጎ ሰው ሽልማት የጋዜጠኝነት ዘርፍ አለው፤ ደስም ይለኛል። ብዙ ዘመን ያገለገለን ሰው ማመስገን ደግ ነገር ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንድን ዘገባ ነጥሎ «ዘንድሮ ከተሠሩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል፣ ምክንያቱም...» የሚል ብሔራዊ ሽልማት ያስፈልገናል።

የዜና ክፍል ውሎን የሚያውቅ ይህ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ይገባዋል። ጠዋት ጥሪ ይመጣል። ሪፖርተሩ አዳራሽ ይሄዳል፣ ንግግር ይቀዳል፣ አበል ይቀበላል፣ «ተገለጸ» ብሎ ዜናውን ይዘጋል። ማንም አይቆጣውም። በሌላ በኩል አንዷ ሪፖርተር ተሠርቶ ያልተከፈተ ጤና ጣቢያ አይታ «ለምን?» ብላ ትጠይቃለች እንበል። ኮንትራቱን ትፈልጋለች። ወረዳ ትመላለሳለች። ተቋራጩንም፣ ነርሷንም፣ ባለሥልጣኑንም ታነጋግራለች። ሳምንታት ይፈጅባታል። ጉዳዩን ስታወጣ ምን ታገኛለች? ማስፈራሪያ ካልሆነ፣ ብዙ ጊዜ ዝምታ። እንዲህ ያለ ሥራ በስሙ ተጠርቶ ካልተከበረ ጎበዞቹ ሙያውን ለቀው የሕዝብ ግንኙነት ይገባሉ። እየገቡም ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከ1917 ጀምሮ የሚሰጠው የፑሊትዘር የጋዜጠኝነት ሽልማት ክብሩን ያገኘው በሥራው ላይ ስለሚፈርድ ይመስለኛል። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጠው የወርቅ ሜዳሊያ ለዜና ተቋሙ ነው የሚሄደው። ይሄ ደስ ይለኛል፤ ዘገባውን ያረመው ኤዲተርና ገንዘቡን የከፈለው ባለቤትም አብረው ይከበራሉ። በ1981 ዋሽንግተን ፖስት ያሸነፈበት የአንድ ሕፃን ታሪክ ፈጠራ ሆኖ ሲገኝ ጋዜጣው ሽልማቱን መልሷል። ማፈሩ አልቀረም፤ ሽልማቱ ግን አልረከሰም።

የእኛን ማን ይስጠው? መንግሥት እንዳይሆን። ፈቃድ የሚሰጥና የሚያስር አካል የጥሩ ዘገባ ዳኛ ሊሆን አይችልም። ባንክ ወይም ፋብሪካ ገንዘብ ቢያወጣ አልቃወምም፤ ዳኛ መምረጥ ግን አይፈቀድለት። ዳኞቹ ነባር አዘጋጆች፣ የሕግ ባለሙያዎችና የጋዜጠኝነት መምህራን ይሁኑ። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛም ሆነ በሶማሊኛ የተሠራውን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይዳኘው እንጂ በአማርኛ ትርጉም አይፈረድ። የአዲስ አበባ ሚዲያዎች መሸላለሚያ ከሆነማ ባይጀመር ይሻላል።

ውሳኔው ከነምክንያቱ ይታተም። ገንዘቡ ከመኪና ይልቅ ለአሸናፊው ቀጣይ ምርመራ ይዋል። ብቁ ሥራ ከጠፋም ዳኞቹ «ዘንድሮ አሸናፊ የለም» ይበሉ። ፑሊትዘር በ2012 በርዕሰ አንቀጽ ዘርፍ እንዲሁ አድርጓል። እኛ ዘንድ ይህን ለማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ጭብጨባ የለመደ አዳራሽ ባዶ መድረክ አይወድም። ዳኞቹ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይህ መብት በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍላቸው።