ማስተካከያ፦ ዶሜን አልገባም ስላለው ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት ለገጣፎ ካለ አንድ ቢሮ ስለገጠመኝ ችግር ጽፌ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁለት ኮምፒውተሮች ሠራተኞቹን አናስገባም አሉ። እኔም «ከዶሜኑ (በአንድ ሰርቨር ከሚተዳደረው የቢሮው ኮምፒውተሮች ስብስብ) አውጥታችሁ መልሳችሁ አስገቧቸው» አልኩ። ተሳስቻለሁ።

የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ ረጋ ብዬ ሳነበው ችግሩ ሰዓት ሆኖ ተገኘ። በማይክሮሶፍት ቴክኒካል ሰነድ መሠረት፣ ማንነት የሚያረጋግጠው ከርቤሮስ በኮምፒውተሩና በሰርቨሩ ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ የበለጠ ልዩነት አይቀበልም። ይህ መነሻ ቅንብሩ ነው። የአንደኛው ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚይዘው የማዘርቦርድ ባትሪ ሞቷል። ሁለተኛው ግን ያስቃል፦ አንድ ሰው ጠዋት 8:00 የሚለውን አይቶ «ተሳስቷል» በማለት በእኛ አቆጣጠር 2:00 አድርጎታል። 6 ሰዓት ሙሉ ወደ ኋላ! የሰዓት አገልግሎቱም በሁለቱም ላይ ቆሞ ስለነበር ራሱ አላረመውም።

ትክክለኛው መላ ቀላል ነው። በኮምፒውተሩ የራሱ አስተዳዳሪ አካውንት ገብቶ አገልግሎቱን ማስነሳት፣ ከዚያ ሰዓቱን ከሰርቨሩ ጋር ማመሳሰል። የሞተውን ባትሪ መቀየርም አይረሳ።

«ፖሊሲ (ከሰርቨሩ ለኮምፒውተሮቹ የሚላክ ቅንብር) ስትቀይሩ ወዲያው ይደርሳል» ያልኩትም ልክ አይደለም። በማይክሮሶፍት ሰነድ መሠረት ሥራ ላይ ያለ ኮምፒውተር ፖሊሲውን የሚያድሰው በየ90 ደቂቃው ነው፣ በዘፈቀደ እስከ 30 ደቂቃ ሊጨመርበት ይችላል። ካልቸኮላችሁ ጠብቁ፤ ከቸኮላችሁ በኮምፒውተሩ ላይ ጂፒአፕዴት (gpupdate) የሚለውን ትእዛዝ ስጡ።

ምክሬን ሰምታችሁ ኮምፒውተሩን ከዶሜን ያወጣችሁና የኮምፒውተሩን የራሱን አስተዳዳሪ አካውንት የይለፍ ቃል የማታውቁ ካላችሁ፣ ውጭ ቀርታችሁ ይሆናል። ይቅርታ። ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።