«ፍትጊያ አልባ» ብሬስ? ኧረ እየተስተዋለ!

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ ስለ ብሬስ፣ ማለትም ስለ ጥርስ ማቃኛው ሽቦ፣ የዞረውን ቪዲዮ አይታችሁት ይሆናል። አንድ የጥርስ ሐኪም ነጭ ጋወኑን ለብሶ፣ ብራኬት በሁለት ጣቱ ይዞ፣ «ይሄኛው ፍትጊያ የለውም፤ የድሮው ብሬስ ሁለት ዓመት የሚፈጅበትን በግማሽ ጊዜ ይጨርሰዋል» ይላል። ለእኔ ሦስት ሰው ላከልኝ፤ የእህቴ ልጅ ብሬስ ልታደርግ መሆኑን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሰምቷላ። አይቼ አለፍኩት። ባለፈው ሳምንት ልጅቷን ይዤ ሌላ ክሊኒክ ስሄድ ግን ያችኑ ዓረፍተ ነገር ሳትጎድል ሰማኋት፤ ያውም የ20 ሺህ ብር ጭማሪ ተለጥፎባት። ያኔ ደሜ ፈላ።

ብራኬት ጥርስ ላይ የምትጣበቀው ትንሿ ነገር ናት። መሃሏ ላይ ቦይ አላት፣ ሽቦው እዚያ ውስጥ ይተኛል። በተለመደው ብሬስ ሽቦው እንዳይወጣ ባለቀለም ጎማ ያስረዋል። በዚህ «ፍትጊያ የለውም» በሚባለው ደግሞ ጎማ የለም፤ ብራኬቷ ራሷ እንደ ትንሽ በር የምትዘጋ ክዳን አላት። ጎማው ሽቦውን ወደ ቦዩ ስለሚጫነው ይፋተጋል፣ ክዳኗ ስለማትጫነው ቀጭኑ ሽቦ እንደልቡ ይንሸራተታል። እስከዚህ ድረስ ጥል የለንም።

ጥሉ የሚጀምረው «አዲስ ቴክኖሎጂ ነው» ሲሉኝ ነው። የቱ ነው አዲሱ? ራሷን የምትዘጋ ብራኬት የኒውዮርኩ የጥርስ ሐኪም ስቶልዘንበርግ ያስተዋወቃት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ጣሊያን መረብን ተሻግራ የመጣችብን ዓመት! አያቴ ያኔ ገና አልተወለደችም። ዘጠና ዓመት የሞላትን ነገር «የድሮውን ትተው ወደ አዲሱ ይምጡ» ብሎ ማስተዋወቅ ድፍረት ይጠይቃል።

እሺ፣ ዕድሜዋን እንተወውና ወደ ፍትጊያው እንምጣ። የቁም ሳጥን መሳቢያ ከአንድ ጥጉ ብቻ ይዛችሁ ስትስቡት ምን ይሆናል? ግትር ይላል። ሰም ቀቡት፣ ዘይት አጠጡት፣ ያው ነው። የያዘው ሸካራነቱ አይደለም፣ ማጋደሉ ነው፤ በዚህ በኩል አንዱ ጠርዝ፣ በዚያ በኩል ሌላው ጠርዝ ግድግዳውን ነክሶ ቀርቷል። ጥርስም እንዲሁ ነው። የምንስበው ከላይ፣ ብራኬቷ ያለችበት ላይ ነው፤ ሥሩ ግን ከታች አጥንት ውስጥ ተቀብሯል። ስለዚህ ጥርሱ ሲሳብ በመጀመሪያ ያጋድላል። ሲያጋድል የቦዩ ሁለት ጠርዞች ሽቦውን ከላይና ከታች ንክስ አድርገው ይይዙታል። ከዚያ ሽቦው ጥርሱን ቀስ ብሎ ያቃናዋል፣ ንክሻው ይላላል፣ ጥርሱ ትንሽ ይሄዳል፣ ደግሞ ያጋድላል፣ ደግሞ ይነከሳል። ሰዎቹ በቪዲዮ የሚያሳዩን እንደ ባቡር በሐዲዱ የሚንሸራተት ጥርስ በሰው አፍ ውስጥ የለም። ጥርስ የሚሄደው እየተንፏቀቀ ነው።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። ኩሲና ዊትሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተራውን ፍትጊያ ከንክሻው፣ ንክሻውን ደግሞ ሽቦው ተሰርጉዶ ከሚቆለፍበት ሁኔታ ለይተው አስቀምጠውታል። ሽቦውና ቦዩ የሚፈጥሩት ማዕዘን ከጥቂት ዲግሪ ካለፈ ተራው ፍትጊያ ከቁጥር አይገባም፣ ንክሻው ሁሉን ይውጠዋል። እና ክዳኗ ለንክሻው ምን ትፈይዳለች? ምንም! የቦዩ ጠርዝ ያው ጠርዝ ነው፣ ጎማ ይሰርበት በር ይገጠምለት። እኔን የሚያናድደኝ ማስታወቂያው የሚጠቅሰው የላቦራቶሪ ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚለካው ብራኬቷ ቀጥ ብላ ተገጥማ፣ ሽቦው ቀጥ ብሎ በማሽን እየተሳበ ነው። መሳቢያውን በሁለት እጅ እኩል ስቦ «አያችሁ፣ አይቆለፍም» እንደማለት። ያ ማሽን ምራቅ የለውም፣ እንጀራ አያኝክም። የማኘኩ ንቅናቄ ደግሞ ሽቦውን በየጊዜው ነቅነቅ እያደረገ ከፍትጊያው ሊያላቅቀው ይችላል፣ በነጻ።

ደግሞስ ፍትጊያው ዜሮ ሆነ እንበል። ጥርሱን ማን አንቀሳቀሰው? አጥንት ነው በር የሚከፍተው። ጥርሱ በተገፋበት በኩል አጥንት የሚበሉ ሴሎች ይቆፍራሉ፣ በኋላው በኩል የሚገነቡት ይሞላሉ። ይሄ ሥራ በወር አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያስኬደው፣ ሽቦው ቢለሰልስም ባይለሰልስም። አውስትራሊያዊው የጥርስ ሐኪም ማይልስ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ሙከራ ለእኔ በቂዬ ነው። በእያንዳንዱ ታካሚ አፍ ውስጥ ባንዱ ጎን ራሷን የምትዘጋዋን፣ በሌላው ጎን የተለመደችውን ገጠመ። ክፍተቱ ሲዘጋ የተለመደችው በወር 1.2 ሚሊሜትር፣ «ፈጣኗ» 1.1 ሚሊሜትር ሄዱ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ጥቂት ሰው ላይ የተሠራ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በርካታ ጥናቶችን ሰብስቦ የገመገመው ጽሑፍም ያገኘው ጥቅም ወንበር ላይ የሚጠፋው ጊዜ ማጠሩንና የፊት ጥርሶች ወደፊት የሚወጡት በጥቂቱ ማነሱን ነው። ግማሽ ጊዜ የሚባል ነገር እዚያ የለም።

የወንበሯን ደቂቃ አምናለሁ። ጎማ አንድ በአንድ ከመፍታት ክዳን መክፈት ይፈጥናል። ግን የተቆጠበው ደቂቃ የሐኪሙ ነው፤ በዚያ ደቂቃ ሌላ ታካሚ ያያል። ጭማሪውን እኔ የምከፍለው በምን ሒሳብ ነው?

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፣ ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ጉድ ገና አላለቀም። ስለ ፍትጊያ ግማሽ ሰዓት ሰብከውን ሲያበቁ፣ ልጅቷን «ለፎቶ የማይታየውን ነጩን ብናደርግልሽስ?» አሏት። ነጩ ሴራሚክ ነው። ሴራሚክ፣ ቦዩ ብረት ካልተለበጠ፣ ከብረት ብራኬት ይልቅ ሽቦውን የሚፋተግ ነው! ይሄ በየትኛውም የዘርፉ መማሪያ መጽሐፍ አለ። ታዲያ ፍትጊያ ጠላት ከሆነ ጠላትን በውድ ዋጋ የሚሸጡልን ለምንድን ነው? ስጠይቅ ሐኪሙ ሳቅ አለና «አባት፣ እሱን ለእኛ ተዉት» አለኝ። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፣ አባት የሆንኩት በጥያቄዬ መሰለኝ።

ፍትጊያ ደግሞ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤድዋርድ አንግል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባለአራት ማዕዘኑን ቦይ የሠራው ባለአራት ማዕዘን ሽቦ ግድግዳውን ነክቶ ሥሩን እንዲያዞር ነው። መጨረሻ ላይ ወፍራሙ ሽቦ ሲገባ መነካካቱ ነው ሥራው። ያለ መነካካት ጥርሱን በየት ይዘህ ታቃናዋለህ?

ብሬስ የሚያዘገየውን ማወቅ የሚፈልግ የእህቴን ጓደኛ ልጅ ይይ። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ነበር የሚመላለሰው። ሁለት ቀጠሮ ዘለለ፣ አንድ ቅዳሜ ቆሎ ሲቆረጥም ሁለት ብራኬት አረገፈ፣ እነሱን ለማስለጠፍ ደግሞ ሦስት ሳምንት ጠበቀ። ይህ ሁሉ የሆነው ሽቦው ውስጥ ባለ ፍትጊያ አይደለም። በ20 ሺህ ብር ስንት ጊዜ ከሐዋሳ መመላለስ እንደሚቻል እናንተው አስሉት።

የኛዋ ልጅ ተራውን ብረት መረጠች፣ ባለአረንጓዴ ጎማውን። ነጭና ግልጹን ጎማ እኔ ነኝ ያስተውኳት፤ የእናቷ አልጫ እርድ አይጎድለውም፣ በሳምንቱ ቢጫ ያደርገዋል። አያቷ ብቻ እስካሁን አኩርፋለች፣ «ፍንጭቷን ልትዘጉባት ነው» ብላ። እሱ ላይ አያትየው ልክ ሳትሆን አትቀርም፣ ግን የሌላ ቀን ጠብ ነው።

ወደ ቪዲዮው ተመልሼ ሥሩ ላይ ጻፍኩ፦ «በግማሽ ጊዜ ያሉት በየትኛው ጥናት ነው?» መልሱ በአምስት ደቂቃ መጣ፦ «በኢንቦክስ ያናግሩን 🙏»። አናገርኳቸው። የላኩልኝ የዋጋ ዝርዝር ነው።