ጣታችሁን ሰብስቡ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ዳቦ ልገዛ ከብሎካችን ሥር ወዳለችው ሱቅ ወረድኩ። መብራት ጠፍቷል። ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው ባለሱቅ ሻማ አብርተው የዱቤ ደብተራቸውን ይደምራሉ። አንድ ጎረምሳ ስልኩን እንደያዘ ባንኮኒው ላይ ተደግፏል።

«እትዬ፣ እዚህ ብሎክ ላይ እነማን ናቸው ያሉት?» አላቸው።

«እነማን ማለት?»

«ማለቴ... ከየት የመጡ ናቸው? ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ለምሳሌ።»

እትዬ ቀና እንኳ አላሉም። «ሦስተኛ ፎቅ ያሉት 450 ብር ያለባቸው ናቸው። እኔ ሌላ አላውቅም።» ደብተሩን ከደኑና ከዱቄቱ ጆንያ ሥር ሸጎጡት።

ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደረጃውን ስወጣ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። በዚያች ደብተር ውስጥ የሁላችንም ስም አለ። ከነፎቁ፣ ከነቤት ቁጥሩ።

ስለዚህ ይህን ለእናንተ እጽፋለሁ። ኮዬ ፈጬ ላላችሁ፣ ቱሉ ዲምቱ ላላችሁ፣ በገላንና በቂሊንጦ በኩል ላላችሁ ጎረቤቶቼ። ዕጣ ወጥቶላችሁ ለገባችሁም፣ የአባታችሁን ማሳ በሕንፃ መሀል እያቋረጣችሁ ለምትሄዱትም፣ ዕጣውም ማሳውም ለሌላችሁ እንደኔ ያላችሁ ተከራዮችም። ሰሞኑን የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ነገር እንደገና አገርሽቷል። ሰፈሩ የማን ነው? የአዲስ አበባ ነው የኦሮሚያ? ማን ፈረመ? ማን ማንን ሸጠ? ታክሲ ውስጥ ይኸው ነው፣ ቡና ላይ ይኸው ነው፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር ይኸው ነው። ውሳኔው ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም ልላችሁ አልተነሳሁም። እሱን እናንተም እኔም በየቤታችን ፈርደን ጨርሰናል። የተነሳሁት ስለ ጣታችሁ ነው።

ንዴታችሁን ግን አልንቅም። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

1997 ሲባል ሁላችንም ምርጫውን ነው የምናስታውሰው። በዚያው ዓመት ግን የከተማው ሰው ለኮንዶሚኒየም ተመዘገበ። በዚያው ዓመት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 455 ወጣ፤ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳው እንዴት እንደሚሰላ የሚናገረው። አንዱ ወረቀት ለቤት ፈላጊው ተስፋ ሰጠው። ሌላው ወረቀት ቤቱ የሚሠራበትን መሬት ከገበሬው መቀበያ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም ነበር።

ቤት ፈላጊው ጠበቀ። በ2005 እንደገና ተመዝገብ ተባለ፣ ተመዘገበ። ከደመወዙ እየቀነሰ ቆጠበ። የኮዬ ፈጬ ቤቶች ያሉበት ዕጣ የወጣው የካቲት 27 ቀን 2011 ነው፤ ከ51 ሺህ በላይ ቤት። ያን ቀን ስሙ ከወጣለት የ1997 ተመዝጋቢ ውስጥ፣ ሲመዘገብ የተወለደ ልጁ ስምንተኛ ክፍል የደረሰለት አለ።

ገበሬውስ? በአዋጁ ስሌት ከመሬቱ ለዘለቄታው የተነሳ ገበሬ የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሳ የዓመት አማካይ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። የአሥር ዓመት መሆኑ ነው። አሥራ አንደኛው ዓመት ላይ ምን ይብላ? አዋጁ ዝም ነው። በ2011 በሌላ አዋጅ ተተክቷል፤ ለቀደሙት ግን ያለፈው አለፈ። ብሎካችንን ማታ ማታ የሚጠብቀው ልጅ፣ አባቱ ጤፍ ይዘሩበት የነበረውን ቦታ በባትሪ አብርቶ አሳይቶኛል። አሁን የውሃ ታንከሩ የቆመበት ነው። ሲያሳየኝ አልተማረረም። የተሳቀቅሁት እኔ ነኝ።

ዕጣው በወጣ ማግስት በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ተነሳ። ዕጣ የደረሰውም ቁልፍ ሳያገኝ ከረመ። ነሐሴ 2014 ላይ ሁለቱ አስተዳደሮች በወሰን ተስማማን አሉ። እዚህ የሚኖረው ሰው የሰማው ከዜና ነው። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን አንቀጽ 49 ላይ ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ስላላት ልዩ ጥቅም ጽፎ፣ «ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል» ብሎ በ1987 ለነገ አሳደረው። ነገ የተባለው ቀን ሳይመጣ የያኔ ሕፃን ወልዶ ክርስትና አስነስቷል። እዚህ ላይ ሹሞቹን አልምራቸውም። የሚነካውን ሰው ሳይጠይቁ ይወስናሉ፤ ሲቆጣ ደግሞ ማን ልኮህ ነው ይሉታል።

እሺ። ተናደናል። ከዚያስ?

የወሰኑት ሰዎች እዚህ አይኖሩም። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ስትመጣ ጀሪካን ተሸክመው አራተኛ ፎቅ አይወጡም። ንዴታችን እነሱ ጋ የሚያደርሰው ታክሲ የለውም። ስለዚህ በእግሩ ይሄድና ሦስተኛ ፎቅ ያንኳኳል።

ድንጋይ የሚወረውረውን ሁላችንም እንረግማለን። እሱ ቀላል ነው። ግን እስቲ አስቡት። ከሌላ ቦታ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ጎረምሳ የትኛው በር የማን እንደሆነ በምን ያውቃል? በሩ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የሚያውቀው ጎረቤት ነው። በስልክ በምን ቋንቋ እንደሚያወራ በግድግዳው በኩል የሰማው፣ ለበዓል ዘመዶቹ ከየት እንደሚመጡ ያየው፣ አርብ ወዴት እሁድ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ጎረቤት። ያ ጎረቤት ድንጋይ አይነካም። «እዚያ ጋ» ይላል። በአገጩ ቢያመለክትም ይበቃል። ከዚያ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ ጩኸቱ ሲመጣ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል። በማግስቱ «ምን ዓይነት አውሬዎች ናቸው!» ለማለት ደግሞ የሚቀድመው የለም።

እናንተን ነው የምላችሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከጣት የወጣም እንደዚያው ነው። አንዴ የተጠቆመ በር መልሶ አይሸፈንም።

ቡራዩን ረሳችሁት? መስከረም 2011። ነገሩ ሲጀመር ጭቅጭቁ የባንዲራ ነበር። የከፈለው ግን አሸዋ ሜዳና አካባቢው ላይ ሸማ እየሠራ የሚኖረው የጋሞ ሰው ነው። ሸማኔው የወሰነው ውሳኔ አልነበረም። የሰቀለውም ያወረደውም ባንዲራ አልነበረም። ፍራሽና ልጅ ተሸክሞ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲጠለል አይተነዋል። ሬሳው ደቡብ ደረሰ፤ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ነደደ፣ ሊበቀል ተነሳ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል እርጥብ ሳር የያዘን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ የለም። ወጣቶቹ ተመለሱ። እነዚህ ሽማግሌዎች የሞተባቸው ናቸው እኮ። ሐዘን ላይ ነበሩ። ማን ጀመረው ብለው ለመጠየቅ ከማንም የበለጠ መብት ነበራቸው፤ ከልጆቻቸው ፊት መንበርከኩን አስቀደሙ።

ከኛ ማን ይንበረከካል? መንበርከኩስ ይቅር፣ «ተው» የሚል ጠፍቷል። ሐሙስ ከቃሊቲ ወደ ኮዬ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰውዬ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፋይል የያዘ፣ የተማረ የሚመስል፣ ስለ አንድ ሕዝብ አፉ እንዳመጣለት ይናገራል። ቃሉን አልደግመውም። አሥራ አንዳችን ስልካችንን እያየን ዝም አልን። ረዳቱ ልጅ ብቻ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ «ፋዘር፣ ሒሳብ» አለው። ሰውዬው ለደቂቃ ዝም ያለው ሳንቲም ሲፈልግ ነው። ወርጄ ቤቴ እስክደርስ ያፈርኩት በሰውዬው አልነበረም። በስልኬ ነው። ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር እኮ። የጠፋ ስክሪን ነበር የማየው።

ስለ ስልክ ካነሳሁ አንድ ነገር ልናዘዝ። አንድ ሰሞን «መንገዳችን ላይ የሆነውን እዩ» የሚል ቪዲዮ ደረሰኝ። የሚነድ የጭነት መኪና ነው። ደሜ ፈላ፤ ሳላስብ ለብሎኩ ግሩፕ ላክሁት። መቶ ሰው አለበት። ጎረቤቴ፣ የሲኖ ትራክ ሾፌር ነው፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መልስ ጻፈ፦ «ወንድም፣ መኪኖቹ በግራ ነው የሚሄዱት።» ድጋሚ አየሁት። እውነትም በግራ ነው። እኛ አገር በቀኝ ነው የሚነዳው። ቪዲዮው የየት አገር እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። አጠፋሁት። ግን በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ስንቱ ወደ ሌላ ግሩፕ እንዳሻገረው ማን ያውቃል? ጠቋሚ ጣት ማለት ይኼም ነው። የላከው የኔ ጣት ነው።

እና እባካችሁ፣ ባሕር ማዶ ሶፋ ላይ ተቀምጦ በላይቭ «ውጡ!» የሚላችሁን ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። ልጆቹ ዛሬ ትምህርት ቤት ሄደዋል?

ሰኔ 2012ን ደግሞ ከማንም በላይ እኛ ልንረሳው አይገባም። ሃጫሉ ሁንዴሳ በ22 ማታ የተገደለው እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ ነው። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር። ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ፤ ወሬው ግን አልተዘጋም፤ እንዲያውም ያለ ማስተባበያ ብቻውን ነገሠ። በጥቂት ቀን ውስጥ በባለሥልጣናቱ የመጀመሪያ ቆጠራ ብቻ 166 ሰው ሞተ። በጥይት የሞተ አለ፤ በሰፈሩ ልጆች እጅ የሞተም አለ። የሁለተኛው ዓይነት ሞት ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፤ በሩን ያሳየ ሰው ነበረዋ።

ታዲያ ዝም እንበል ወይ ትሉኛላችሁ። ማን ዝም በሉ አለ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳትይዙ የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ፣ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለ ይላል። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ሰልፍ የሚጠራ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ ነው የሚለው። ያሳውቅ። «ፈቃድ አምጡ» የሚላችሁን ሰው አዋጁን አስነብቡት። ስትስቁ ይሰማኛል። እኔም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው፤ ደብዳቤ ይዞ ሄዶ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ መመለስ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አንድ ሰው ሲመለስ ነው እንጂ የሚሳቅበት፣ ሦስት ብሎክ ፈርሞ የሄደ ወረቀት ሌላ ነው። የገበሬው ልጅ የካሳ ጥያቄና የባለ ዕጣው የካርታ ጥያቄ አንድ ወረቀት ላይ ቢወርዱ ደግሞ፣ ያን ወረቀት የሚቀበለው ሹም ምን እንደሚሰማው ለማየት ስንት በከፈልኩ! ስም መሰብሰብ ካማራችሁ እዚያ ላይ ሰብስቡ። ከነብሎኩ፣ ከነፎቁ፣ በገዛ ፊርማው።

መንገድ መዝጋቱን ግን ተዉት። ወተት የሚያመጡልንን እናት ታውቋቸዋላችሁ፤ አዴ ነው የምንላቸው። አንዴ መንገድ በተዘጋ ሰሞን ቢጫ ጀሪካናቸውን አዝለው በጭቃው ማሳ አቋርጠው መጡ። ረፋድ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። በሩን ስከፍት «ልጁ ምን ጠጣ?» ነው ያሉኝ። መሬታቸው ከሄደባቸው አንዷ ናቸው። ማንን መናደድ እንዳለባቸው ከኔ በላይ ያውቃሉ። ደግሞ ያን ቀን መንገዱን የዘጉት ልጆች ስለ እሳቸው መሬት ነው የሚጮሁት የነበረው።

ልጁ ዓርብ ማታ ተመልሶ ሱቅ መጣ። ማክሰኞ በር ሲቆጥር የነበረው ልጅ። እኔም ለሞባይል ካርድ ወርጄ ነበር። አራት ዳቦና ግማሽ ሊትር ዘይት አለ። ኪሱን ዳሰሰ፣ እንደገና ዳሰሰ።

«እትዬ፣ እስከ ሰኞ ይጻፉብኝ?»

እትዬ ጎንበስ ብለው ደብተሩን ከዱቄቱ ጆንያ ሥር አወጡት። ሽፋኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። አዲስ ገጽ ገለጡ።

«የት ነበር የምትኖረው?»

«ብሎክ 9፣ ሁለተኛ ፎቅ።»

«ስም?»

ልጁ ዝም አለ። ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ። ከኋላው የቆሙትን ሁለት ሰዎችም አየ። ከዚያ ወደ እትዬ ጠጋ ብሎ በዝግታ ነገራቸው። ጻፉት።